የቤተሰብ ካርቱን ፊልሞች፦ የትኛው አሥርት ዓመት ይሻላል?

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ፣ ውጤት እስኪሞላ ድረስ ተማሪዎቹን ምን እናድርጋቸው ብለን ስናስብ አንድ ቀላል መላ ታየን። ፕሮጀክተር ተውሰን፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደን፣ በልጅነታችን እጅግ እንወደው የነበረውን «ላየን ኪንግ» የተባለውን የካርቱን ፊልም ለአራተኛ ክፍል ልጆች ከፈትንላቸው። በኛ ቤት ጥሩ መምረጣችን ነበር። ልጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። የደቦሉ የሲምባ አባት በዱር ከብቶች መንጋ ተረግጦ የሚሞትበት ቦታ ሲደርስ ግን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መስሎን ዝም አልን። ፊልሙ አልቆ ስንፈልገው ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ አገኘነው። በዚያው ዓመት፣ ረመዷን ሳይገባ፣ አባቱ በሞት የተለየው ልጅ ነበር። እኛም ይህን እናውቃለን፤ ለቅሶ ደርሰናል። ፊልሙን ስንመርጥ ግን ትዝ አላለንም።

«በካርቱን ምን ጉዳት አለ?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። እኛም ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያው ነበርን። ካርቱን ማለት ልጅን ዝም ማሰኛ፣ እናት ወጥ ሠርታ እስክትጨርስ ማቆያ ይመስለናል። ነገር ግን ልጅ ያየውን አይረሳም። እኛ ራሳችን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ያየነውን ዛሬም አንድ በአንድ መተረክ እንችላለን። ታዲያ ይህን ያህል በልብ የሚቀር ነገር ሳይመረጥ ወደ ቤት መግባት አለበትን?

ከዚያ በኋላ ባሉት ክረምቶች የቆዩትን ዕውቅ የካርቱን ፊልሞች እየፈለግን፣ አንዳንዱን ብቻችንን፣ አንዳንዱን ከልጆቻችን ጋር ሆነን አየን። በመምህራን ክፍልም ጉዳዩ ክርክር አስነሣ። አንዱ «የድሮው ነው ጥሩ፤ የአሁኑ ጩኸት ብቻ ነው» ይላል። ሌላው «ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ነው ካርቱን ካርቱን የሆነው» ይላል። እኛም የየአሥርት ዓመቱን ሥራ ጎን ለጎን አድርገን የደረስንበትን ለእናንተ ለውድ አንባብያን ልናካፍል ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መመዘኛችን ምንድን ነው?

አራት ነገሮችን ይዘን ተነሣን። አንደኛ፣ ወላጅና ልጅ አብረው ተቀምጠው ሁለቱም ሳይሰለቹ የሚያዩት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ የሚያነጋግር ቁም ነገር ይኑረው። ሦስተኛ፣ ሌላውን ሕዝብ የማያዋርድ፣ ከእምነታችንም ጋር የማይጋጭ ይሁን። አራተኛ፣ ዘመን ቢያልፍበትም የሥራው ጥራት ያልደበዘዘ ይሁን።

ጥራት ስንል የድካሙን ልክ ማሰብ ይገባል። በፊልም ውስጥ በአንዲት ሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። የ80 ደቂቃ ፊልም እንግዲህ 115,200 ምስሎች አሉት ማለት ነው። አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል እንዲያገለግል ቢደረግ እንኳ 57,600 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሁሉ በእጅ ይሣል ነበር።

ከጅማሮው እስከ አርባዎቹ

እስከ ዛሬ ከተረፉት ረጅም የካርቱን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው በ1926 የወጣው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» ነው። የሠራችው ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ስትሆን፣ ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች በጥላ መልክ አንቀሳቀሰችው። ታሪኩ የተወሰደው ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ነው። የካርቱን ፊልም ታሪክ ከምሥራቁ ዓለም ተረት ጋር ምን ያህል የቆየ ትውውቅ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

በ1937 የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ዋይት» ከወጣ በኋላ አርባዎቹ ገቡ። በ1940 «ፒኖኪዮ» እና «ፋንታዚያ»፣ በ1941 «ደምቦ»፣ በ1942 «ባምቢ» ተከታትለው ወጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የአውሮፓ ገበያ ስለተዘጋ «ፒኖኪዮ» እና «ፋንታዚያ» በጊዜያቸው ኪሣራ አስከተሉ። በሥዕል ጥራት ግን እስከ ዛሬ የሚበልጣቸው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ትቶ ከመጥፎ ጓደኞች ጋር የሚኮበልለውን የእንጨት ልጅ ታሪክ የማይወድ መምህር የት ይገኛል? ሆኖም ልጆቹ ሲጋራ ሲያጨሱና ቢራ ሲጠጡ፣ ኋላም ወደ አህያነት ሲለወጡ የሚታይበት ክፍል ትንንሾቹን እንቅልፍ ይነሣል። በ«ደምቦ» ውስጥ ሕፃኑ ዝሆን ሳያውቅ አልኮል ጠጥቶ ይሰክራል፤ ቁራዎቹም የጥቁር አሜሪካውያን ማላገጫ ተደርገው የተሣሉ ናቸው ተብሎ ተነቅፏል። ኩባንያው ራሱ በ2020 በዚህ ፊልምና በሌሎች መሰሎቹ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አኑሯል። «ባምቢ» ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው። የሚዳቋው ግልገል እናት በአዳኝ ጥይት ስትሞት ሬሳዋ አይታይም፤ በረዶና ዝምታ ብቻ ነው የሚታየው።

ከሃምሳዎቹ እስከ ሰማንያዎቹ

ሃምሳዎቹ በ1950 በ«ሲንደሬላ» ጀምረው በ1959 በ«ስሊፒንግ ቢዩቲ» አበቁ። መልካቸው ያማረ፣ ታሪካቸው ግን በአብዛኛው «ልዑሉ መጣና አገባት» ከሚለው የማይዘል ነው። በ1953 የወጣው «ፒተር ፓን» ደግሞ የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች መቀለጃ አድርጎ አቅርቧል። «ስሊፒንግ ቢዩቲ» እጅግ ብዙ ገንዘብ ፈጅቶ የሚጠበቀውን ሳያስገባ በመቅረቱ፣ በ1961 ለወጣው «101 ዳልሜሽያንስ» ወጪ መቀነሻ ዘዴ ተገኘ። ይኸውም የእርሳሱን ሥዕል በቀለም እየደገሙ ከመሣል ይልቅ በፎቶ ኮፒ መሣሪያ በቀጥታ በፕላስቲኩ ላይ ማተም ነው። ዋልት ዲዝኒ በታኅሣሥ 1966 ሞተ፤ በ1967 የወጣው «ጀንግል ቡክ» እሱ ከተቆጣጠራቸው የመጨረሻው ነው። ሰባዎቹ ላይ ድካም ይታያል። በ1973 በወጣው «ሮቢን ሁድ» ውስጥ ከቀደሙ ፊልሞች እንቅስቃሴ ተገልብጦ የገባባቸው ቦታዎች አሉ።

በሰማንያዎቹ ዓይናችንን ወደ ጃፓን እንመልስ። በ1988 ሃያኦ ሚያዛኪ «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተባለውን ሠራ። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታ ከአባታቸው ጋር ወደ ገጠር የገቡ የሁለት እኅትማማቾች ታሪክ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። ልጅን ይዞ የሚያቆየው ጠብና ድብድብ ብቻ ነው ለሚሉ ጥሩ መልስ ይመስለናል። የጫካ መንፈስ የሚለው ነገር የጃፓኖች የቆየ እምነት መሆኑን ግን ለልጆች ማስረዳት ያሻል። በ1989 «ሊትል መርሜይድ» መጣች። የአባቷን ቃል ጥሳ፣ አንድ ቀን ላየችው ወንድ ስትል ድምፅዋን የሸጠች ልጅ ታሪክ ነው። ለሴት ልጆቻችን ይህን ማሳየት ካለብን፣ ከጎናቸው ተቀምጠን መነጋገርም አለብን።

የዘጠናዎቹ ሚዛን

ዘጠናዎቹ የእጅ ሥዕልና ኮምፒዩተር የተገናኙበት ዘመን ነው። በ1991 የወጣው «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት» ለምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው የካርቱን ፊልም ሆነ። በ1995 ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ቶይ ስቶሪ» ወጣ። አዲስ አሻንጉሊት ሲመጣ አሮጌው አሻንጉሊት በቅናት ይነዳል። አዲስ ሕፃን የተወለደበት ቤት ያለ ታላቅ ልጅ ይህን ታሪክ ማን ሳይነግረው ይረዳዋል። በ1999 «አይረን ጃይንት» መጣ። ለመሣሪያነት የተሠራ የብረት ግዙፍ ከአንድ ልጅ ጋር ወዳጅ ሆኖ መሣሪያ መሆንን እምቢ የሚልበት ነው። በጊዜው ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ሰው ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን ከምርጦቹ ይቆጠራል።

ይሁንና የዘጠናዎቹ ጉድለት በቀጥታ እኛን የሚነካ ነው። በ1992 የወጣው «አላዲን» በመክፈቻ ዘፈኑ የዐረቦችን ምድር ጆሮ የሚቆረጥበት አገር አድርጎ ገለጸ። የአሜሪካ ዐረቦች ማኅበር ተቃውሞ ስላቀረበ፣ በ1993 በቪዲዮ ካሴት ሲወጣ ያ ስንኝ ተለወጠ። ነገር ግን ጀግናው እንደ አሜሪካዊ ሲናገር፣ ነጋዴዎቹና ወታደሮቹ በተኮላተፈ እንግሊዝኛ እንዲናገሩ መደረጋቸው አልተለወጠም። በ1998 የወጣው «ፕሪንስ ኦፍ ኢጅፕት» ደግሞ የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ በሥዕልና በድምፅ ስላቀረበ በማሌዢያና በግብፅ እንዳይታይ ተከልክሏል። ነቢያትን መሣል እንደማይገባ ለምናምን ቤተሰቦች ሥራው ምንም ያህል ቢያምር የሚታለፍ አይደለም።

ሁለት ሺዎቹስ? በ2003 የወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» ልጁን ከመጠን በላይ ስለሚፈራለት አባት የሚናገር ሲሆን፣ ከልጆች ይልቅ ወላጆችን ያስተምራል። በ2002 የተሠራው «ሙሐመድ፦ የመጨረሻው ነቢይ» ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይታዩና ድምፃቸው ሳይሰማ ታሪኩን ለመተረክ ችሏል። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ሪች ቀደም ሲል በዲዝኒ በ1981 የወጣውን «ፎክስ ኤንድ ዘ ሃውንድ» ከሠሩት አንዱ ነው። በአገራችንም የቀጭኔዋ አሻንጉሊት ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ ፊልም ባይሆንም፣ ለልጆቻችን በራሳቸው ቋንቋ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ሰው የልጅነቱን ዘመን ማድላቱ አይቀርም። እኛም በዘጠናዎቹ ፊልሞች ስላደግን ፍርዳችንን ሦስት ጊዜ መርምረነዋል። በሥዕል ጥራት ብቻ ቢሆን አርባዎቹን እንመርጥ ነበር። በጨዋነት ብቻ ቢሆን የሰማንያዎቹን ጃፓናዊ ሥራ እናስቀድም ነበር። በመጨረሻ ዘጠናዎቹን ወደ መምረጥ ያደረሰን ግን ከዚያው ከተጎዳው ልጅ የሰማነው ነገር ነው።

ከፊልሙ ጥቂት ቀናት በኋላ በዕረፍት ሰዓት ወደኛ መጣ። «ኡስታዝ፣ ሲምባ እኮ አባቱን አልገደለም፤ አይደል?» አለን። ልጁ የወጣው አጎትየው ስካር ደቦሉን «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ ሲያባርረው እየሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየም። እኛም «አልገደለም፤ አጎቱ ነው የዋሸው፤ መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ «አባቴ ውሃ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ኳስ ልጫወት ወጣሁ» አለ። በዚያው ሌሊት ነበር አባቱ የሞተው። ያን ሁሉ ወራት ሕፃኑ ይህን ተሸክሞ ክፍል ውስጥ ከፊታችን ተቀምጦ ነበር።

አጀል በአላህ እጅ እንደሆነ፣ አባቱን የወሰደው ሕመሙ እንጂ የውሃው መዘግየት እንዳልሆነ፣ በሚገባው ቃል ነገርነው። ለእናቱ እንድንነግራት ፈቃዱን ጠየቅነው፤ ፈቀደልን። እናትየው «እኔ ያባቱ ናፍቆት ብቻ መስሎኝ» ብላ አለቀሰች።

እንግዲህ ልጁን ያሳመመውም፣ አፉን የከፈተለትም ያው ፊልም ነው። የዘጠናዎቹ ምርጥ ሥራዎች ቅናትን፣ ጸጸትን፣ ሐዘንን፣ አደራን ለልጅ በሚገባ መልክ ያቀርባሉ። ሲምባ በስዋሂሊ አንበሳ ማለት ነው። ወደ ኃላፊነቱ የሚመልሰው ሽማግሌ ዝንጀሮ ስሙ ራፊኪ ነው፤ በስዋሂሊ ወዳጅ ማለት ሲሆን፣ «ረፊቅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ልጅም ፊልም ሲያይ አጠገቡ አንድ ረፊቅ ያስፈልገዋል። ያን ቀን የጎደለው ይኸው ነበር። እኛ ከፕሮጀክተሩ ጋር ነበርን እንጂ ከልጁ ጋር አልነበርንም።

ለወላጆችና ለመምህራን

ከዚህ የተማርነውን ባጭሩ እናስቀምጥ። ፊልሙን ለልጆች ከመክፈታችሁ በፊት እናንተ እስከ መጨረሻው እዩት። ከዚያ ልጁን አስቡ፤ ማን ሞቶበታል? ማን ታሞበታል? እናቱና አባቱ የተለያዩበት አለ? ዛሬ ፊልሙ ያለው በስልክ ውስጥ ነውና፣ ስልኩን አስይዞ መሄድ ቀላል ነው። እናንተ ግን አብራችሁ ተቀመጡ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ አቁሙት፤ ልጅ የቱ እንደሚቀድም የሚያየው በዚያች ቅጽበት ነው። ሲያልቅም «ወደድከው?» ብላችሁ አትለፉ። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። መልሱ ከፊልሙ ሳይሆን ከልቡ ይወጣል።

በቀጣዩ መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ልጆቹን ራሳቸውን ምን እንክፈትላችሁ ብለን ጠየቅን። ከኋላ ወንበር ያ ልጅ እጁን አወጣ። «የአንበሳውን፤ መጨረሻውን አላየሁትም» አለ። ብቻውን ጠርተን «እርግጠኛ ነህ?» አልነው። «አዎ፤ ግን ኡስታዝ አጠገቤ ይቀመጡ» አለን። ፕሮጀክተሩን ለሌላ መምህር ትተን ከኋላ ወንበር ሄደን ተቀመጥን።

ውድ አንባብያን፣ አርባዎቹን ወይም ሁለት ሺዎቹን የምትመርጡ ብትኖሩ ምክንያታችሁን ጻፉልን፤ ከእናንተ ለመማር ዝግጁ ነን። ወላሁ አዕለም።