ካርድ፦ አንድ ቃል፣ ብዙ አደራ



በዚህ ወር የምንመለከተው ከእንግሊዝኛ መጥቶ በቋንቋችን ቤተኛ የሆነን አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ካርድ» ነው። በፍኖተ ሰላም የሆስፒታል መስኮት፣ በቡሬ ሱቆች፣ በምዕራብ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሰማል። ካርድን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ትርጉም አያውቀውም። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

«ካርድ አለዎት?»

ከወምበርማ ገጠር ተነሥተው ቡሬ የገቡ አንዲት እናት የታመመ ልጅ አዝለው ጤና ጣቢያ ደረሱ እንበል። መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ «እናት፣ ካርድ አለዎት?» የሚል ነው። ጠያቂው ማለት የፈለገው «ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው የተከፈተ መዝገብ አለዎት ወይ?» ነው። እናቲቱ ግን ካርድ ሲባል የሚያውቁት ለስልክ የሚሞላውን ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሕፃኑ የተከተበበትን ወረቀት አውጥተው ይሰጣሉ። «ይህ አይደለም፣ ካርድ ያውጡ» ሲባሉ ካርድ የሚወጣው ከየት እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። ጠይቆ መረዳት የሚያፍር ሰው ደግሞ ወደ ካርድ ክፍል ሳይሄድ በሌላ ወረፋ ላይ ቆሞ ሊያረፍድ ይችላል። የታመመ ልጅ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቃሉ ከየት መጣ?

ግሪኮች ከፓፒረስ ተክል የሚሠራውን የመጻፊያ ቅጠል «ኻርቴስ» ይሉት ነበር። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ካርድ» ሆነ። የዐረብኛው «ቂርጣስ» ከዚሁ ቤተሰብ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህ ቃል በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አንዓም በ7ኛው አንቀጽ ይገኛል፤ የብዙ ቁጥሩም በዚያው ሱራ በ91ኛው አንቀጽ አለ። በግዕዝም «ክርታስ» እንላለን። ጣሊያንኛው ደግሞ «ካርታ»ንና «ካርቶን»ን አምጥቶልናል። እንግዲህ ካርድ ሲመጣ ዘመዶቹ ቀድመው በቤታችን ነበሩ ማለት ነው።

ስንት ካርድ አለ?

የመጀመሪያው የሕክምናው ነው። «ካርድ ማውጣት» ማለት ለታካሚው መዝገብ ማስከፈት ነው።

ሁለተኛው የተማሪ ካርድ ነው። የልጁ ውጤት፣ ደረጃውና ጠባዩ የሚጻፍበት ስለሆነ ወላጅ ሊያየው ይገባል። ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች ልጁ «አልፌያለሁ» ሲላቸው አምነው ከመቀመጥ ይልቅ ለሚያነብ ጎረቤት ቢያሳዩ ይሻላል።

ሦስተኛው የስልክ ካርድ ነው። የሞባይል አገልግሎት ወደ ሀገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ተፍቆ ቁጥሩ የሚሞላው ወረቀት በየሱቁ ተሰቀለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚሞላው ያለ ወረቀት ነው፤ ሆኖም አሁንም «ካርድ ላክልኝ»፣ «ካርድ አለቀብኝ» እንላለን። ወረቀቱ ቢቀርም ቃሉ ቀርቷል።

አራተኛው የምርጫ ካርድ ነው። አምስተኛው ወጣቶች መንዙማና ትምህርት የሚጭኑበት የሚሞሪ ካርድ ነው። የሰርግ ጥሪ ካርድም አለ።

የቢጫ ካርድ ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገራል። በእግር ኳስ ቢጫና ቀይ ካርድ የተጀመረው በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ሲሆን መነሻ የሆነው የመኪና መንገድ መብራት ነበር። ከሜዳ ወጥቶም ወደ ትዳር ገብቷል፤ «ሚስቴ ቢጫ አሳየችኝ» የሚል ባል አይጠፋም። ለሐጅ የሚነሣ ሰው ግን ቢጫ ካርድ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የእርሱ ቢጫ ካርድ ዓለም አቀፍ የክትባት ማስረጃ ነውና። የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ሑጃጅ ከመድረሳቸው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስዱ ይጠይቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተደርጓል። ስለዚህ ቀድሞ የወሰዱትን ካርድ መጣል አይገባም።

አማርኛው የቀደመበትስ?

ካርድ ያልገባበት ቦታም አለ። ለማንነት ማስረጃ «መታወቂያ» የሚል ግልጽ ቃል ስላለን «የመታወቂያ ካርድ» ብሎ የሚያረዝም ጥቂት ነው። ለገጠር መሬት ይዞታም ገበሬው «ደብተር» ይላል፤ ከተሜው ለቤቱ «ካርታ» ይላል። በእነዚህ ማንም አይደናገርም፤ ቃሉ የተያዘውን ነገር ለይቶ ይናገራልና። ካርድ ግን ብቻውን ሲጠራ አንዱንም አይለይም።

ምን እናድርግ?

በመስኮት በኩል ለተቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው አንድ ነው። «ካርድ» ከማለት በፊት አንድ ቃል ጨምሩ። «የሕክምና ካርድ»፣ «የክትባት ካርድ» ማለት ትንፋሽ አያስጨርስም፤ ከሩቅ የመጣን ሰው ግን ከእንግልት ያድናል።

በቤት በኩል ደግሞ የክትባት ካርድን ከሁሉ አስቀድመን እንጠብቅ። ሕፃን እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይከተባል። የትኛው እንደተሰጠ፣ የትኛው እንደቀረ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው። እርሱ ከጠፋ ባለሙያው የሚተማመነው በእናት ትዝታ ላይ ይሆናል። የጤና መድን መታወቂያም እንዲሁ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነርሱ አንዷ የጎጃሟ ደቡብ አቸፈር ነበረች። መታወቂያው በየዓመቱ ካልታደሰ በሕመም ቀን አያገለግልም።

ስለዚህ ውኃና አይጥ በማይደርስበት አንድ ቦታ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ አባወራውም እማወራዋም በሚያውቁት ሥፍራ ይቀመጡ። ማንበብ የሚችል ልጅ በየአንዳንዱ ላይ የምን ካርድ እንደሆነ ይጻፍበት። ለአያቱም በቀለሙና በመጠኑ እየለየ ያስረዳቸው። ይህ ለልጁ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለአያቱ ግን ሐኪም ቤት ሲሄዱ አንገት ከመድፋት ይገላግላቸዋል።

በካርድ ላይ የሰፈረው የልጅ ጤና፣ የተማሪ ልፋት፣ የቤተሰብ መብት ነው። ስለዚህ አደራ ነው። አላህ አደራን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።