በኪራይ ቤት የሚቀመጥ የዓሣ ገንዳ፡- የአከራይ ስጋት፣ የተከራይ ኃላፊነትና የመድን ሽፋን

ሮቤ፡- በባሌ ደጋ የሚገኙት የሮቤና የጎባ ከተሞች በሥራ ምደባና በዝውውር ከሌላ አካባቢ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ቤት ተከራይተው የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፡፡ መቀመጫውን ሮቤ ያደረገው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና በጎባ የሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታሉ ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው፡፡ ተከራይ ወደ ቤቱ ከሚያስገባቸው ዕቃዎች መካከል አከራይን ሊያሳስብ የሚችለው አንዱ፣ በተለምዶ አኳሪየም የሚባለው ከመስታወት የተሠራ የዓሣ ገንዳ ነው፡፡ ገንዳው ተሰብሮ ቤቱን ቢያበላሽ ኪሣራውን የሚሸፍነው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፡፡ እነርሱም የኪራይ ውሉ፣ ሕጉና የመድን ፖሊሲው ናቸው፡፡

የአከራዩ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፡፡ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ሲሞላ 112 ሊትር ውኃ ይይዛል፡፡ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን በመሆኑ፣ የመስታወቱና የጠጠሩ ክብደት ሳይታሰብ ውኃው ብቻ ከአንድ ኩንታል ስንዴ ይበልጣል፡፡ ይህን ያህል ክብደት ለዚሁ ባልተሠራ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አደጋን መጋበዝ ነው፡፡ ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ውኃ ሲፈስ ልስኑ ይለቃል፤ እርጥበቱ ከቆየም ማገሩ ይበሰብሳል፡፡ በፎቅ ቤት ደግሞ ጉዳቱ ከታች ላለው ጎረቤት ይተርፋል፡፡

ሁለተኛው ስጋት ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፡፡ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ለዚህ ቅዝቃዜ የሚስማማ ቢሆንም፣ የሚኖረው ቀዝቃዛና በሚፈስ ውኃ ውስጥ በመሆኑ ለቤት ገንዳ አይሆንም፡፡ ለጌጥ የሚረቡት የሞቃት አገር ዓሦች በአብዛኛው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋሉ፡፡ በመሆኑም በደጋ ከተሞች ማሞቂያው በተለይ ሌሊት ረዥም ሰዓት ይሠራል፡፡ አከራዩና ተከራዩ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ይህ የሂሳብ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል፡፡ ማሞቂያ የማያስፈልገውን ጎልድፊሽ የተባለውን ዝርያ መምረጥ ወጪውንም ስጋቱንም ይቀንሳል፡፡

የመብራት መቋረጥም የራሱ ችግር አለው፡፡ አየር የሚነፋው ፓምፕ ከውኃው ወለል ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቀጭኑ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ፓምፑና ወደ ወለሉ ሊፈስ ይችላል፡፡ ፓምፑን ከውኃው ወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ወይም በቱቦው ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ መግጠም ይህን ይከላከላል፡፡ የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ቢደረግ፣ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፡፡

ጉዳት ከደረሰ በመጀመሪያ የሚታየው የኪራይ ግንኙነቱ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ ቤቱን በጥንቃቄ እንዲይዝና ውሉ ሲያበቃ እንዲመልስ ያስገድደዋል፡፡ በአግባቡ ሲገለገሉበት የሚመጣ እርጅና በተከራዩ ላይ ዕዳ አያስከትልም፡፡ ከተሰበረ ገንዳ በፈሰሰ ውኃ የተበላሸ ወለልና ግድግዳ ግን እንደ እርጅና አይቆጠርም፡፡ ጉዳት የደረሰበት ጎረቤት ደግሞ ከተከራዩ ጋር ውል ባይኖረውም ከውል ውጭ ኃላፊነትን በሚመለከቱት ድንጋጌዎች መሠረት ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፡፡

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፡፡ አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ስለማይፈቀድለት፣ ስጋቱን ከፍ ባለ ቅድሚያ ክፍያ ለመሸፈን አይችልም፡፡ ስለዚህ የገንዳው መጠን፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የመብራት ክፍያው አከፋፈልና ጉዳት ቢደርስ ጥገናውን የሚያከናውነው ወገን በውሉ ውስጥ ቢሰፍር ሁለቱንም ይጠቅማል፡፡ ቤቱ በርክክብ ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ የሚገልጽና በሁለቱም የተፈረመ ዝርዝር ከውሉ ጋር መያያዙም በኋላ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ይሆናል፡፡

በሰፊው የሚሳሳቱበት ነጥብ የመድን ጉዳይ ነው፡፡ አከራዩ ለቤቱ መድን መግባቱ ተከራዩን ከተጠያቂነት አያድነውም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 683 ካሣ የከፈለ መድን ሰጪ፣ በከፈለው መጠን በመድን ገቢው ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሦስተኛ ወገን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፡፡ ለምሳሌ በተከራዩ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ኩባንያው ለባለቤቱ 60 ሺህ ብር ቢከፍል፣ ይህንኑ ገንዘብ ተከራዩ እንዲመልስ ክስ ሊያቀርብ ይችላል፡፡ ደመወዝተኛ ለሆነ ተከራይ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም፡፡ የመድን ሕግን የያዘው የንግድ ሕጉ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣ በኋላም በሥራ ላይ የቀጠለ ነው፡፡

ተከራዩን የሚጠብቁት ሽፋኖች ሁለት ናቸው፡፡ አንደኛው በሌሎች ሰዎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል የኃላፊነት መድን ሲሆን፣ ሁለተኛው የራሱን የቤት ዕቃ የሚሸፍን መድን ነው፡፡ የመጀመሪያው ሲገዛ በተከራየው ቤት ላይ የሚደርስ ጉዳት በሽፋኑ ውስጥ መካተቱ በግልጽ መረጋገጥ አለበት፤ አንዳንድ የኃላፊነት ፖሊሲዎች በመድን ገቢው እጅ የሚገኝን ንብረት ስለማያካትቱ ነው፡፡ የእሳት መድንም ለብቻው የውኃ ጉዳትን አይሸፍንም፡፡ የውኃ ማጠራቀሚያና የቧንቧ መፈንዳት በተጨማሪነት ሲካተት፣ የዓሣ ገንዳን የሚጨምር መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ይገባል፡፡ በመድን አሠራር በድንገት የሚደርስ ጉዳትና በዝግታ የሚሰርግ ውኃ ያደረሰው ጉዳት ለየብቻ ይታያሉ፤ የኋለኛው ብዙውን ጊዜ ካሣ አያስገኝም፡፡ ዓሦቹም በተለመደው የቤት ዕቃ መድን አይካተቱም፡፡

መድን የሚገባ ሰው ገንዳ መኖሩን በማመልከቻው ላይ በትክክል መግለጽ ይኖርበታል፡፡ የተደበቀ መረጃ ካሣ ሊያሳጣ ይችላልና፡፡ ጉዳት በደረሰ ጊዜም መብራቱን ከዋናው ማጥፋት፣ ውኃውን ማስወገድ፣ ጉዳቱን በፎቶግራፍ መያዝና ለአከራዩም ለኩባንያውም ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፡፡ ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፡፡

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የዓሣ ገንዳ በኪራይ ቤት ማስቀመጥ በራሱ የጠብ ምክንያት መሆን የለበትም፡፡ ገንዳው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ የተደረገ ስምምነትና በተከራዩ ስም የተገዛ የኃላፊነት መድን፣ የአከራዩን ንብረትም ሆነ የተከራዩን ደመወዝ ከጉዳት ይጠብቃሉ፡፡