ከቫናችን ጩኸት ጋር ያደረግነው ትግል

ባዶ በርሜል ጩኸቱ ይበዛል እንዲሉ፣ እኛም ባዶ በርሜል ለሁለት ዓመት ስንነዳ ኖረናል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ዕቃ እያመላለስን የምንተዳደር ሦስት ጓደኛሞች በጋራ የገዛናት አሮጌ ቫን አውራ ጎዳና ላይ ከወጣች ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ መደማመጥ አንችልም ነበር።

ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠርነው አንዱ ጓደኛችን ከጎንደር የደወሉለትን እናቱን ደጋግሞ “እማዬ ድገሚልኝ” ሲል፣ “ልጄ፣ ጆሮህ ደከመ እንዴ?” ያሉት ዕለት ነው። ሳቅን። ሲመረመር ግን በእርግጥም ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅሙ ቀንሶ ተገኘ። ጥፋቱ የቫኗ ብቻ ነው አንልም። የጎማውን ጩኸት ለማሸነፍ ሬዲዮውን እስከ ጥግ እንከፍት የነበርነው ግን እኛው ነን። ከጩኸት በላይ መጮህ ደግሞ በፓልቶክ ዘመን ማይክ ስንሻማ የለመድነው ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ገደብ ለ8 ሰዓት ሥራ በአማካይ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ደግሞ 2 ሰዓት ብቻ።

ስለዚህ ጩኸቱን ከምንጩ ለመያዝ ወሰንን። በመጀመሪያ ያለቀ ጎማና የተበላ ኩሽኔታ አለመኖሩን አረጋገጥን። የተበላሸን ነገር ሸፋፍኖ ዝም ማሰኘት ጥገና አይደለምና። ቀጥሎ ባትሪውን ነቅለን የበሮቹን የውስጥ ልባስ ፈታን። የበር ላሜራ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል። መድኃኒቱ ጀርባው አሉሚኒየም የሆነ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ የቡቲል ጎማ ነው፤ ርግብግቢቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያደክመዋል። በሬንጅ የተሠራው ርካሽ ቢሆንም በበጋ ይሸታል፣ ሊላቀቅም ይችላል። ላሜራውን በአልኮል አጽድተን፣ ቡቲሉን ለጥፈን በሮለር ዳመጥነው። ሁሉን መሸፈን አያስፈልግም፤ የሰፊውን ላሜራ ሩብ እስከ ግማሽ መሸፈን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

የኋላ ጎማዎቹ ጉልላት ላይ ግን አልቆጠብንም። የአስፋልቱ ጉርምርምታና የጠጠሩ ውርጅብኝ የሚገባው በዚያ ነው። ከውስጥ በኩል ሙሉ በሙሉ ቡቲል አለበስነው፤ በላዩ ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ፣ ከዚያም ከባድ የቪኒል ምንጣፍ ደረብንበት። ስፖንጅና ቪኒል የሌለው ቡቲል ርግብግቢትን እንጂ በአየር የሚመጣውን ድምፅ እምብዛም አያግድም።

አንድ ስህተት ሠርተናል፤ እናንተ እንዳትደግሙት እንናገራለን። ከግራው በር ግርጌ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቡቲል ደፈንናቸው። ዝናብ ሲዘንብ በመስኮቱ ጠርዝ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ በሩ ውስጥ ተጠራቀመ። በሩን ስንከፍት የሚንቦጫረቀው ድምፅ ባያጋልጠን ኖሮ ዝገት በበላው ነበር። መተንፈሻ የሌለው ነገር ከውስጥ ይበሰብሳል።

ቫኗ ዛሬም ፈጽማ ዝም አላለችም። ሬዲዮው ግን ከቀድሞው በግማሽ ዝቅ ብሎ ይሰማል። የጓደኛችን ጆሮ ያጣውን አይመልስም፤ የቀረውን ይጠብቃል። ባለፈው እሑድ እናቱ ሲደውሉ፣ አውራ ጎዳና ላይ ሆነን፣ አንድም ጊዜ “ድገሚልኝ” አላለም።