የጠላቂው ጃኬትና የዓባይ በረሃ ጠርሙስ

ከጅጋ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ፣ ደጀን ላይ ጠጥቶ የጨረሰውን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ አጠገቡ ያስቀምጠው። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ጨርሶ የዓባይ ድልድይ ጋ ሲደርስ ጠርሙሱን ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማዶ ያገኘዋል። ማንም አልረገጠውም፤ ደጋ ላይ የታሸገውን ስስ አየር የቆላው ወፍራም አየር ጨምቆት ነው። ማዶ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ጠርሙሱ መልሶ ይነፋል። ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ሕይወቱ የተንጠለጠለው በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

ጠላቂው በጀርባው የተጨመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ይሸከማል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬትም ይለብሳል። ጃኬቱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለ። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ከሲሊንደሩ አየር ይገባበታል፤ ሌላውን ሲጫን ይወጣል። ባዶ ጀሪካን ከድኖ ውኃ ውስጥ ለመድፈቅ የታገለ ሁሉ አየር ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚገፋ ያውቃል። ጠላቂው የሚታጠቀው የእርሳስ ቀበቶ ደግሞ ወደ ታች ይጎትታል። ጥበቡ ሁለቱን አመጣጥኖ፣ ሳይሰምጡም ሳይንሳፈፉም መሐል ላይ መቆየት ነው።

ሚዛኑ ግን በራሱ አይጸናም። ከባሕር ፊት 10 ሜትር ሲወርዱ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን የከረጢቱ አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ጠላቂው ይከብዳል፣ በከበደ ቁጥርም ፈጥኖ ይወርዳል። ሲወጣ ደግሞ አየሩ እየሰፋ ሽቅብ ይስበዋል። ስለዚህ ትንሿ መዛባት ካልታረመች እያደገች ትሄዳለች።

በአየር የሚንሳፈፍ ዕቃ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ የጣና ታንኳ ቀዛፊዎችም ይህን በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ደንገል የሚንሳፈፈው ልቡ ውስጥ በያዘው አየር ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ጉዞው ሲያበቃ ታንኳውን ከውኃ አውጥተው ያደርቁታል። ጃኬቱም እንደዚያው ነው። ከጨው ባሕር ሲወጣ ውጪውም ውስጡም በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ጨው ሲደርቅ ቫልቩን ይፍቃል፣ አሸዋም ቁልፉን ያጣብቃል። ከዚያ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ ጃኬቱ ጥቂት ተነፍቶ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። ከመጥለቅ በፊት ደግሞ እስኪወጠር ነፍቶ ማቆየት ነው፤ ከለሰለሰ ያፈስሳል ማለት ነው።

ውኃ ውስጥ የሚያስፈራው ብልሽት የመንፊያው ቁልፍ ተጣብቆ አየር ማስገባቱን አለማቆሙ ነው። ጠላቂው በአንድ እጁ ከሲሊንደሩ የሚመጣውን ቱቦ ከጃኬቱ ይነቅላል፤ በሌላው አየሩን ያስወጣል። ወደ ላይ እየተሳበ ከሆነ ትንፋሹን ከቶ አያፍን፤ ሳንባም እንደዚያ ጠርሙስ ይነፋልና። ቱቦው ከተነቀለ በኋላ ጃኬቱን በአፍ መንፋት ይቻላል። ከረጢቱ ከተቀደደ የተቀደደውን ጎን ወደ ታች አድርጎ ቀሪውን አየር ማቆየት፣ ጓደኛን በምልክት ጠርቶ አብሮ በቀስታ መውጣት ነው። እርሳሱን መጣል ጥልቁ ውስጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የውኃው ፊት ላይ ደርሶ መንሳፈፍ ላቃተው ግን የመጀመሪያው ነው።

ደጋ ውኃ የራሱ ሒሳብ አለው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በላዩ ያለው አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው በ10 ሳይሆን 8 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ውኃው ጨው ስለሌለው ደግሞ የሚፈለገው እርሳስ ያንሳል። ባሕር ላይ የሠለጠነ ሰው ልኩን ሳይቀይር ቢገባበት ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ በማንበብ ብቻ አይለመድም። ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ አሠልጣኝ አጠገብ ቆሞ፣ ቱቦውን ደጋግሞ መንቀል ያስፈልጋል፤ በጭንቅ ሰዓት ዓይን ሳያየው እጅ ራሱ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ።