«ወርክ» የ«ወርቅ» ልጅ አይደለም

በገበያ ቀን ቤኒሻንጉል ውስጥ በምትገኘው ቡለን ሻይ ቤት ተቀምጬ አንድ ወሬ ሰማሁ፦ «የእንግሊዝኛው ወርክ ከእኛ ወርቅ የተወሰደ ነው፤ ሥራ ወርቅ ነዋ!» ተናጋሪው ከስልኩ ያነበበውን ነው ያካፈለን፤ የተቃወመው ግን አልነበረም። ስሕተት ነው፤ መታረምም አለበት።

ቋንቋ ከቋንቋ እንደሚወለድ፣ ቃልም እንደሚዋዋስ ሁሉም ያውቃል፤ አልደግመውም። ቁም ነገሩ ድምፅ በዘፈቀደ አለመለወጡ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል እንጂ መልክ ታይቶ ዘመድ አይባልም። ቃልም እንዲሁ ነው።

የእኛን እንቁጠር። በግእዝ ቃል የሚጀምር «ወ» በዕብራይስጥ «የ» ይሆናል፦ ወለደ፣ ያላድ፤ ወርኅ (ጨረቃ)፣ ያሬሕ። በዚሁ ሕግ የ«ወርቅ» ወንድም «ያሮቅ» ነው፤ ፍቺው አረንጓዴ። በጥንታዊው የሜሶጶጣሚያ ቋንቋ በአካድኛ «ዋርቁ» ቢጫም አረንጓዴም ነበር። ወርቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው።

ወደ «ወርክ» እንለፍ። በጀርመንኛ «ቬርክ»፣ በግሪክኛ «ኤርጎን»፣ ቀድሞም «ዌርጎን» ነበር። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የጥንቱ «ግ» በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ክ» ሆኗል። (ጀርመናዊ ስል ጀርመንኛን ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛ፣ ደችና ስዊድንኛም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው።) በላቲን «ጌኑ» የሚባለው ጉልበት በጀርመንኛ «ክኒ» ነው። ስለዚህ የ«ወርክ» «ክ» የቀድሞ «ግ» ናት፤ የ«ወርቅ» «ቅ» ግን በአካድኛም በዕብራይስጥም «ቅ» ናት። ከአንድ ምንጭ የወጡ ወንዞችን ሽቅብ ብትከተሏቸው ይገናኛሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ሽቅብ በሄዱ ቁጥር ይራራቃሉ። ውሰት ነው እንዳይባል ደግሞ ቃሉ እንግሊዝኛ ሳይወለድ በግሪክኛ ነበር።

ሆኖም መለኪያው ዘመን ሲርቅ ይደክማል። ቡለን ውስጥ የሚነገረው ሺናሽኛ ኦሞአዊ ነው፤ ኦሞአዊው ቡድን ከአማርኛ ጋር በአፍሮእስያዊው ታላቅ ቤተሰብ መመደቡን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ። የጎረቤቱ ጉምዝኛ ናይሎ ሰሃራዊ መባሉም ያከራክራል። ጎረቤታሞች ለዘመናት ቃል ሲዋዋሱ ውርሱን ከውሰቱ መለየት ከባድ ነው።

ዝምድና ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉት። እንግሊዝኛ ወርቅን «ጎልድ»፣ ቢጫን «የሎው» ይላል፤ ጀርመንኛ «ጎልት» እና «ጌልፕ»። ጥንዶቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እነሱም እኛም ሳንዋዋስ ማዕድኑን በቀለሙ ጠራነው። ቤኒሻንጉል ውስጥ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥብ ሰው ዛሬም አሸዋው መሐል የሚፈልገው ያንኑ ቢጫ ነው።