«ቢሮ» የሚለው ቃል አመጣጥና የትርጉሙ ለውጥ

በትምህርት ሥራ ላይ ከተሰማሩት ሰዎች መካከል «ቢሮ» የሚለውን ቃል በየዕለቱ የማይጠቀም አይገኝም። ይሁን እንጂ ቃሉ በመጀመሪያ የጨርቅ ስም እንደ ነበር ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

የቃሉ ሥር በኋለኛው ዘመን ላቲን «ቡራ» ይባል የነበረው ሻካራ ሱፍ ነው። ከዚህም በ12ኛው ምዕተ ዓመት በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ቡሬል» የሚል ስም ተገኘ፤ ትርጉሙም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ማለት ነበር። ይህን የመሰለ ጨርቅ በጽሕፈትና በሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፍ ስለ ነበር፣ ስሙ ቀስ በቀስ ከጨርቁ ወደ ጠረጴዛው ተሸጋገረ። ከዚያም ጠረጴዛው የሚገኝበት ክፍል፣ ቀጥሎም በክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎችና መሥሪያ ቤቱ ራሱ በዚሁ ስም ተጠሩ።

ከዚህ እንደሚታየው ትርጉሙ የተለወጠው በዘፈቀደ ሳይሆን አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ባለው ጉርብትና ነው። ይህ አካሄድ ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት አንድ መምህር «ወንበር ዘረጋ» ሲባል፣ ጉባኤ አቋቁሞ ማስተማር ጀመረ ማለት እንጂ ስለ መቀመጫው የተነገረ አይደለም።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ደግሞ ቃሉ ሌላ መልክ ያዘ። በፈረንሳይ የንግድ ጉዳይ ሹም የነበረው ቬንሳን ደ ጉርኔ (1712–1759 እ.ኤ.አ.) በ«ቢሮ» ላይ ኃይል ወይም አገዛዝ የሚል ፍች ያለውን የግሪክ ቃል ቀጥሎ «ቢሮክራሲ» የሚለውን ስም እንደ ፈጠረ ይነገራል። ስሙ የወጣው ለነቀፌታ ነበር፤ ይኸውም ደንቡ ከተደነገገለት ጉዳይ በልጦ ራሱ ገዥ ሲሆን ለመንቀፍ ነው። በአንጻሩ ጀርመናዊው ማክስ ቬበር፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 በታተመው «ኢኮኖሚና ኅብረተሰብ» በተባለው ሥራው፣ ይህንኑ ቃል በተጻፈ ደንብ፣ በሥልጣን ተዋረድና በሙያ ብቃት ለሚመራ አስተዳደር ተጠቅሞበታል። ስለዚህ አንዱ ቃል ነቀፌታንም ሥርዓትንም ተሸክሞ ይኖራል።

በአማርኛ የሚሰማው «ቢሮ» ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለፈረንሳይኛው አነጋገር የቀረበ ነው። የነቀፌታው ትርጉምም አብሮ ገብቷል፤ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከፊውዳሊዝምና ከኢምፔሪያሊዝም ጋር በጠላትነት የፈረጀው ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝምን ነበር። በዛሬው የትምህርት አስተዳደር በክልል ደረጃ «ቢሮ»፣ በወረዳ ደረጃ ደግሞ «ጽሕፈት ቤት» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በመሠረቱ ተቀራራቢ ፍች ሲኖራቸው፣ አሠራሩ የደረጃ መለያ አድርጓቸዋል። የአገሩ ቃል በውስጡ የሚከናወነውን ሥራ ሲያመለክት፣ የውጭው ቃል የሚያስታውሰው የጠረጴዛውን ልብስ ነው።

ይህን የመሰለ የቃል ታሪክ ለመምህሩ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ተማሪው ፍችን በቃሉ ከማጥናት ይልቅ አንዱ ትርጉም ከሌላው እንዴት እንደ ተወለደ ደረጃ በደረጃ ሊከተል ይችላል። ለዕቅድ አውጪውም ማሳሰቢያ አለው። ጨርቁ የተነጠፈው በጠረጴዛው ላይ ለሚሠራው ሥራ ሲባል ነበር። ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው ቅጽና መመሪያም የሚመዘነው በብዛቱ ሳይሆን፣ በክፍል ውስጥ ለሚካሄደው ትምህርት በሚሰጠው አገልግሎት ነው።