በዛፎች መካከል ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

ቤት የሚጀመረው መሠረቱ ሲቈፈር ይመስለናል። በዛፎች መካከል ቤት የሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያ ሥራው መቈፈርም መቍረጥም አይደለም፤ መመልከትና መቍጠር ነው። ጥድ በግማሽ ሰዓት ይወድቃል፤ በስፍራው የእርሱን ያህል ሌላ እስኪቆም ድረስ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ያልፋል። ስለዚህ ከአራዳም ሆነ ከሌላው የከተማ መንደር ተነሥተው፣ በአገር ቤት በወላጆቻቸው ይዞታ ላይ ከእንጨት ቤት ለመሥራት የሚያስቡ ቤተ ሰቦች፣ መጥረቢያ ከማንሣታቸው በፊት ይህን ጥቂት ምክር ቢያነቡ መልካም ነው።

ለዚህ ነገር ከራሳችን ከተማ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ዐዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቈረቈር የእንጦጦ ተራራና አካባቢው ለሕንጻውም ለምድጃውም እንጨት ይሰጥ ነበር። የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ፣ የመኳንንቱ ግቢ፣ በአራዳ ገበያ ዙሪያ የተሠራው ሱቅና መኖሪያ ሁሉ ምሰሶና ማገር ፈለገ፤ በየቤቱ የሚነደውም ማገዶ ከዚያው ተቈረጠ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ እንጨቱ እጅግ በመራቁ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ዐዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በዚያ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳቡ ተለውጦ ሕንጻው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንደኛው በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የገባውና ፈጥኖ የሚያድገው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው። ሳይቈጠር የተቈረጠ ዛፍ መናገሻ ከተማን እንኳ ሊያስነቅል ከደረሰ፣ የአንድ ቤተ ሰብን ይዞታ ራቍቱን ለማስቀረትማ ምን ያህል ይቀለው!

በሰሜን አውሮፓ አገሮች ሰዎች ወፍራም ግንድ በግንድ ላይ እያጋደሙ፣ ማዕዘኑን እያጠላለፉ ቤት ይሠራሉ። ይህን ጥበብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስዊድናውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ይዘውት ሄደዋል። የእኛ አገር ልማድ ሌላ ነው። የጥንት ሠሪዎቻችን እንጨትን ከድንጋይ ጋር እያፈራረቁ ገነቡ፤ በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ይህ እስከ ዛሬ ይታያል። የባላገሩ ቤት ደግሞ እንጨቱን አቁሞ፣ በማገር አያይዞ፣ በጭድ በቦካ ጭቃ ይመርጋል። የግንድ ቤት የሚወድ ሰው ካለ በመጀመሪያ ሒሳቡን ይሥራ። ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል እንዲቆም ቢፈልግና የግንዱ ውፍረት ሃያ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለአንዱ ወገን 13 ግንድ፣ ለአራቱ ወገን 52 ግንድ ያስፈልገዋል፤ የጣራው እንጨት ገና አልተቈጠረም። ይህን ሁሉ ከጥድ ወይም ከዝግባ ለማውጣት ማሰብ ደኑን መጨረስ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣልና፣ ለዚህ ሥራ የሚቈረጠው እርሱ ይሁን።

ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ። ዛፉ በይዞታ ላይ ቢበቅልም ከቀበሌውና ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ መቍረጥ አይገባም። አገር በቀል ዛፎች በሕግ ሲጠበቁ ኖረዋል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ነበር። ከተቈረጠ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ለቤተ ሰቡ ኪሳራ ነው፤ ዛፉንም አይመልሰውም።

ሁለተኛው ሥራ ስፍራውን በክረምትም በበጋም ማየት ነው። በጥር ደርቆ የተገኘ ገላጣ ቦታ በነሐሴ ረግረግ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ውሃው የት እንደሚተኛ በዐይን አይቶ በችካል ምልክት ማድረግ ይሻላል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉና፣ «አባቴ፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ነፋሱስ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ብር ያድናል። ቤቱ በጎድጓዳ ስፍራ አይተከልም፤ ከወንዝ ዳርም ይርቃል። ጥቂት ዘቅዘቅ ያለና ውሃ የማይቋጥር መሬት ይመረጣል። ኩይሳ ባለበት ዘንድ ምሥጥ አለና ያንም ልብ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዛፎቹን አንድ በአንድ መቍጠር ነው። የቤቱ ልክ በገመድና በችካል ይለካ፤ ከዚያ በኋላ የሚቈረጠው በአንድ ቀለም፣ የሚቀረው በሌላ ቀለም ይለይ። በቤቱ ልክ ውስጥ የገባው፣ የደረቀው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው፣ ወደ ቤቱ ያዘነበለው ይወገዳል። ጤነኛው ወይራና ጥድ ግን በተቻለ መጠን ይተው፤ ነፋስ ይመልሳል፣ አፈር ይይዛል። አንድ ያረጀ ወይራ ለማዳን ቤቱን አምስት ሜትር ማዛወር ቢያስፈልግ፣ ችካል መንቀል ቀላል ነው። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ እስከ አሥር ሜትር ድረስ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ይጠረግ፤ በበጋ የሚነሣ እሳት በእርሱ ላይ ሄዶ ቤት ይደርሳልና።

መቍረጡ መሬቱ ከደረቀ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ይህ ሥራ ነፍስ የሚያጠፋ ሥራ ስለ ሆነ ለለመደ ሰው ይሰጥ። ዛፉ በሚወድቅበት ወገን ከውፍረቱ እስከ ሩብ የሚደርስ የሽብልቅ አፍ ይከፈታል፤ ከጀርባው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቈረጣል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ቀጭን እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ይመራዋልና ፈጽሞ አይበጠስም። ቈራጩ ወደ ኋላ በአግድም የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ ይጥረግ። ሌላ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ልጆች፣ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቁ። በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ዛፍ በታች ማንም አይለፍ።

የወደቀው ግንድ ቅርፊቱ ቶሎ ይላጥ፤ ቅርፊቱ ለነቀዝ መሸሸጊያ ነውና። ከዚያም በመሬት ላይ ሳይተኛ፣ በተጋደሙ እንጨቶች ላይ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ሆኖ ይደርደር፤ በጥላም ሥር ለወራት ይድረቅ። ባሕር ዛፍ በፀሐይ ፈጥኖ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ በርጥበቱ የተሠራበት ቤት ደግሞ በሩ አልዘጋ ይላል።

በቤቱ ልክ ውስጥ ያለ ጉቶ ከነሥሩ ይነቀል። ተሸፍኖ የቀረ ጉቶ ይበሰብሳል፣ ምሥጥ ይጠራል፣ በላዩ ያለውም ወለል ይሰምጣል። ጥቍሩ የላይ አፈር ተጠርጎ ለጓሮ አትክልት ይቀመጥ፤ መሠረቱ ጠንካራው መሬት ላይ ይረፍ። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ እስከ ጕልበት ቢደርስ፣ እንጨቱ ከርጥበትም ከምሥጥም ይርቃል። ከቤቱ በላይ በኩል ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ሳይቈፈር ግን አንድም ግንድ አይነሣ።

የመጨረሻው ሥራ መትከል ነው። ለተቈረጠው ለእያንዳንዱ ዛፍ ከአንድ በላይ አገር በቀል ችግኝ በክረምት ይተከል፤ ሁሉም አይጸድቅምና። በመናገሻ ሱባ ያለው የጥድ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። በየደብሩ ዙሪያ የቀሩት ጥንታውያን ዛፎችም የቀሩት ማንም ስላልፈለጋቸው አይደለም፤ እየፈለጋቸው የተዋቸው ሰው ስለ ነበረ ነው።

ቤት ያረጃል፣ ይፈርሳልም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲነሡ፣ ልጅነታቸውን በዚያ ያሳለፉ ሰዎች የሚያመለክቱት ግድግዳ አጡ። በአገር ቤት የሚሠራውም ቤት አንድ ቀን እንዲሁ ያልፋል። ያን ጊዜ የልጅ ልጅ መጥቶ «የአያቴ ቤት የት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳይቈረጥ የተተወው ወይራ በስፍራው ቆሞ ይጠቍመዋል።